አለቃው እጁን የታጠበው ለምሳ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ለተወሰኑ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ግማሾቹ አስተናጋጅ ናቸው፣ ሁለቱ በጀልባ እንግዳ ያዞራሉ፣ አንዷ ደግሞ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሰራው። ባለፈው ይቺ ልጅ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ ቲቸር፣ ሱፐርቫይዘራችን ፈረንጅ ነው፣ ስለተበላሸ ኦርደር ከኛ ላይን መሪ፣ ማለትም የስፌት መስመራችን ኃላፊ፣ ጋር ሲጨቃጨቁ ቆይተው በመጨረሻ «አይ ዋሽ ማይ ሃንድስ ኦፍ ኢት» ብሎ ወጣ፣ ምሳ ሰዓት ስለነበረ እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎኝ ነገሩ በርዷል ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ነገሩ ግን አልበረደም። ሰውየው ከዛ በኋላ ስለ ኦርደሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀረ፣ ጣጣው በሙሉ ላይን መሪዋ ላይ ወደቀ።

ልጅቷ አልተሳሳተችም እኮ። እኛ ቤት እጅ መታጠብ ማለት ማዕድ ቀርቧል ማለት ነው፣ ማስታጠቢያው ሲዞር የተኳረፈም ሰው ቢሆን ጠጋ ይላል። ቃሎቹን በሙሉ ታውቃቸዋለች፣ ዋሽ ታውቃለች፣ ሃንድ ታውቃለች። ያላወቀችው አባባሉ ከየት እንደመጣ ነው፣ እሱንም ቢሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ታሪክ ነው፣ የጲላጦስ ታሪክ።

ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ላይ ጲላጦስ ሕዝቡ እንደማይመለስ ሲያይ ውሃ አስመጥቶ ሁሉም ፊት እጁን ይታጠባል፣ ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹህ ነኝ ይላል። እስቲ አሁን አስቡት፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አደረገ፣ እጁን ታጠበ፣ ቃል ተናገረ። እንግሊዞቹ ድርጊቱን ወሰዱ፣ እኛ ቃሉን ወሰድን። እነሱ «ዋሽ ማይ ሃንድስ» ሲሉ እኛ «ከደሙ ንጹህ ነኝ» እንላለን፣ ሁለቱም የተቀዳው ከዛችው አንዲት ጥቅስ ነው። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ፣ እኔም መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀን እንደዛው ነበርኩ።

ነገሩ ከጲላጦስም በፊት ነበር። ኦሪት ዘዳግም 21 ላይ ሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ሬሳ ተገኝቶ ገዳዩ ካልታወቀ፣ ለሬሳው የምትቀርበው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አምጥተው አንገቷን ከሰበሩ በኋላ በላይዋ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም ይላሉ። እንግሊዝ አገር ደግሞ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለብዙ ዘመን ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ስለኖረ እንዲህ ያሉ አባባሎች ገበያም ፍርድ ቤትም ገብተው ቀሩ፣ ዛሬ የሚናገራቸው ፈረንጅ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ግን እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ከአንድ ቦታ ስለተቀዱ አጠቃቀማቸው አንድ አይደለም። ከደሙ ንጹህ ነኝ የሚል ሰው ጥፋቱ ውስጥ መጀመሪያውኑ አልነበርኩም፣ እጄ የለበትም እያለ ነው። «አይ ዋሽ ማይ ሃንድስ ኦፍ ኢት» የሚለው ሰው ግን ነበረበት፣ ምናልባትም ለፍቶበታል፣ አሁን ታከተውና ከዛሬ ጀምሮ የለሁበትም፣ የሚመጣውን እናንተው ቻሉት ብሎ እየወጣ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ያለውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው የሚቀርበው «ከዚህ በኋላ እኔ የለሁበትም» ነው፣ ወይም «እጄን አንስቻለሁ»። ለሰውም ይባላል፣ ስንቴ መክሮት አልሰማ ስላለው ወንድሙ አንድ ሰው «አይቭ ዋሽድ ማይ ሃንድስ ኦፍ ሂም» ካለ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል ማለት ነው። ከበድ ያለ ንግግር ስለሆነ ለአለቃችሁም ለእንግዳም ዝም ብላችሁ አትወርውሩት፣ በር ዘግቶ የመውጣት ያህል ነው።

በዛው ቀን ሌላ ልጅ ደግሞ «ዘ አፕል ኦፍ ማይ አይ» ምን ማለት ነው አለኝ፣ ጀልባው ላይ አንዲት እናት ትንሿን ልጇን አቅፋ እንደዛ ስትላት ሰምቶ ፖም ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብሎ ግራ ገብቶታል። ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። በድሮው እንግሊዝኛ አፕል ፍሬው ብቻ ሳይሆን የዓይን መሃል ያለችው ጥቁሯ ክብ ነገርም ስም ነበረ፣ እንደ ድቡልቡል ኳስ ስለሚያስቧት፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በንጉስ አልፍሬድ ዘመን በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ አለ። እና ፖም የሚባል ነገር የለም እዚህ ውስጥ፣ ብሌን ነው! የዓይን ብሌን። ዘዳግም 32 ላይ እግዚአብሔር ያዕቆብን እንደ ዓይን ብሌን ጠበቀው የሚለውን እነሱ አፕል ብለው ተረጎሙት። ዕብራይስጡ ደግሞ ከሁለታችንም ይለያል፣ የዓይን ትንሽዬ ሰው ነው የሚለው፣ የሰው ዓይን ውስጥ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የራሳችሁ ምስል አንሶ የሚታያችሁ እሱ ነው። ልዩነቱ እኛ ብሌንን ከመጠበቅ ጋር ነው የምናያይዘው፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል እንላለን፣ እነሱ ደግሞ ሰውየውን ራሱን ብሌኔ ነሽ ይሉታል፣ ከሁሉ አብልጠው ለሚወዱት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ለልጅ ወይ ለልጅ ልጅ።

«ኮት ሬድ ሃንድድ» ብዙ አያስቸግርም፣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ነው። ሬድ ቀይ ማለት ነው፣ ቀዩ ነገር ደም ነው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ሕግ ላይ የገደለው ሰው ደም እጁ ላይ ሳይደርቅ የተያዘ ሰው ነበር እንደዛ የሚባለው፣ ዛሬ ኩኪስ የሰረቀ ህፃንም ይባልበታል። «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ደግሞ ዶፍ ዝናብ ነው፣ በቃ፣ ድመትና ውሻ አትፈልጉ።

«ተርን ኤ ብላይንድ አይ» ላይ ግን ትንሽ ቆየን። ቃል በቃል የታወረ ዓይን ማዞር ነው፣ ትርጉሙ አይቶ እንዳላየ ማለፍ። የሚያያዘው ኔልሰን ከሚባለው የእንግሊዝ የባህር ኃይል አዛዥ ጋር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1794 ኮርሲካ ላይ ሲዋጋ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ፣ በ1801 ኮፐንሃገን ላይ ውጊያው ሲከብድ የበላይ አዛዡ ውጊያ አቁም የሚል የባንዲራ ምልክት ሲያሳየው የሩቅ ማያ መነጽሩን በማያየው ዓይኑ ላይ አድርጎ እኔ ምልክት አይታየኝም አለ ይባላል፣ ውጊያውንም ቀጠለ፣ አሸነፈም። ስለዚህ ያላየ ሰው አይባልበትም፣ አይቶ አውቆ የተወ ሰው ብቻ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሶስት ሰው ከኋላ መጫን ያለበት ባጃጅ አምስት ጭኖ ሲያልፍ ዞር ካለ፣ እሱ ነው።

የስፌቷ ልጅ ታዲያ ገልብጣ ጠየቀችኝ። ቲቸር፣ እኛ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የምንለውን ለፈረንጅ እንዴት ነው የምነግረው? «ተርን ኤ ዴፍ ኢር» በይ አልኳት፣ ትርጉሙ ይደርሳል፣ እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ ማለት ነው። ዳባው ግን እዚሁ ይቀራል። ዳባ የለፋ ቆዳ ነው፣ ባህታውያን የሚለብሱት፣ ጆሮህ ቆዳ ይልበስ ብላችሁ ስታስቡት ድምፅ ምኑን ያልፋል። ከልጆቹ መሃል ዳባ አይቶ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ገዳም ሄዶ፣ እና የቀረውን ሰዓት እንግሊዝኛውን ትተን እሱ ያየውን ሲነግረን አመሸን።