35 ፍራንክ የወጣበት ወሬ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

በድሮ ድርሰቶች ውስጥ ግብዝ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ታርቱፍን ነው። ፈረንሳዊው ሞልየር በ1664 ለመድረክ ያበቃው ሰው ነው። ለቤት ሠራተኛዋ «ደረትሽን ሸፍኚ» ብሎ መሐረብ ይሰጣታል። በጎን ግን ያስጠጋውን ሰው ሚስት ያባብላል። እንዲህ ያለው ውሸታም አንድ ቀን ይጋለጣል።

እኔን ይበልጥ የምታስፈራኝ ማዳም ቪክቱርኒየን ናት። ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ በ1862 ባሳተመው «ሌ ሚዜራብል» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ብዙም ቦታ የላትም። ግን የሠራችው ሥራ ከባድ ነው። ፋንቲን የምትባል እናት ሳታገባ የወለደቻትን ልጅ ሰው ጋ አስቀምጣ ፋብሪካ ትሠራለች። ለማንም አልተናገረችም። ማዳም ቪክቱርኒየን ከኪሷ 35 ፍራንክ አውጥታ ልጅቷ ያለችበት ድረስ ሄደች። ተመልሳም በዓይኔ አየኋት አለች። ፋንቲን ከሥራ ተባረረች። ፀጉሯን ሸጠች። የፊት ጥርሶቿን ሸጠች። በመጨረሻም ገላዋን።

ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ አልዋሸችም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

ፋንቲንን ያባረረቻት ተቆጣጣሪም ክፉ አልነበረችም። ሁጎ እንደሚነግረን ለድሃ የምትሰጥ ሴት ናት። የሰውን ድካም መረዳትና ይቅር ማለት ግን ይጎድላታል። ሐዋርያው ያለኝን ሁሉ ለድሆች ባካፍል፣ ፍቅር ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም ያለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

እኛ ጅማ ላይ መንገድ መሄድም አያስፈልገንም። የቤት ለቤት ኅብረቱ ያልቃል፣ ቡና ይፈላል። በረካው ሳይደርስ አንዷ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «ለጸሎት ነው የምነግራችሁ...» ወሬው ቡና ለቀማ ስለምትሠራ አንዲት እህት ነው። ገጠር እናቷ ጋ የተወችው ልጅ አላት አሉ። «አቤት! እንጸልይላት» ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እህታችን የሰዉን ዓይን ትፈራና ከጉባኤ ትቀራለች። እኛም «ቀዘቀዘች» እንላለን። ወገኖቼ፣ ያቀዘቀዝናት እኮ እኛ ነን።

ዘፍጥረት 9ን አንብቡ። ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ሆነ። ካም አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። የነገራቸው እውነት ነበር። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት።

ይህ ኃጢአትን እናድበስብስ ማለት አይደለም። በደል ካለ ጌታ መንገዱን አሳይቷል፦ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ (ማቴዎስ 18፥15)። ቡና ላይ ማለት አይደለም። ለእህታችን መጸለይ ከፈለግን ስሟን ሳንጠራ እንጸልይ፤ ጌታ ያውቃታል። ልጅ እንዳላት ከሰማን ደግሞ ልጁ ደብተር ይጎድለው እንደሆነ፣ ልብስ ይጎድለው እንደሆነ ራሷን ለብቻዋ እንጠይቃት።

ከመካከላችን ቀድሞ ያወራ ካለ፣ ለሰሙት ሁሉ «ያን ነገር መናገር አልነበረብኝም» ይበላቸው። ከዚያ እሷ ጋ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃት።