ኔግሮ ሊግ ምንድን ነው? የወርዋሪው የሳቸል ፔጅ ሕይወት እንደ ማሳያ

ኔግሮ ሊግ ማለት ጥቁር አሜሪካውያን የቤዝቦል ተጫዋቾች ከነጮቹ ታላላቅ ሊጎች በመገለላቸው የተቋቋሙላቸው ሊጎች የጋራ መጠሪያ ነው። “ኔግሮ” የሚለው ቃል ዛሬ ክብር የሚነካ ስለሆነ እዚህ የገባው የታሪክ ስም በመሆኑ ብቻ ነው። ጥቁሮችን በግልጽ የሚከለክል ደንብ በታላላቆቹ ሊጎች ባይጻፍም፣ የክለብ ባለቤቶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዝምታ ተስማምተው በር ዘግተውባቸው ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ሩብ ፎስተር የተባለ የቡድን ባለቤት ሌሎች ባለቤቶችን በካንሳስ ሲቲ ሰብስቦ ኔግሮ ናሽናል ሊግን መሠረተ።

ሊጉ ምን እንደነበረ ከማንም ይልቅ የወርዋሪው (ዱላ ለያዘው መቺ ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) የሳቸል ፔጅ ሕይወት ያሳያል። በ1906 በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ የተወለደው ፔጅ በ12 ዓመቱ ማረሚያ ትምህርት ቤት ገባ፤ ኳስ አወራወርን በወጉ የተማረውም እዚያ ነው። ከ1926 ጀምሮ በቻተኑጋ፣ በበርሚንግሃም፣ በፒትስበርግና በካንሳስ ሲቲ ቡድኖች ተጫውቷል። ኳሱ እጅግ ፈጣን ነበር፤ ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው እግሩን ተክሎ ክንዱን ለቅጽበት ገታ ካደረገ በኋላ የሚለቀው ውርወራው ነበር፤ መቺው ኳሱ የመጣ መስሎት ዱላውን ቀድሞ ይሰነዝራል። ቡድኖቹ ገቢያቸውን ለመሙላት ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር፤ ብዙ ሆቴሎች ስለማይቀበሏቸውም ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ የሚያድሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። ፔጅ በእነዚህ ጉዞዎች እንደ ዲዚ ዲን ካሉ የነጮቹ ሊግ ዝነኛ ወርዋሪዎች ጋር ተፋልሟል። ስለዚህ ችሎታ አነሳቸው የሚለው ሰበብ ያኔም ቢሆን የሚያስኬድ አልነበረም።

ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 በታላላቆቹ ሊጎች በመጫወት ክልከላውን ከሰበረ በኋላ የክሊቭላንድ ቡድን ፔጅን በሐምሌ 1948 አስፈረመው፤ ያን ጊዜ 42 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ስድስት ጨዋታ አሸንፎ በአንድ ብቻ ሲሸነፍ ቡድኑም የዓለም ሻምፒዮና የሚባለውን ዋንጫ ወሰደ። ይህን ሳስብ ከደስታው ይልቅ ቁጭቱ ይበረታብኛል፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ የወረወረ ክንድ በ25 ዓመቱ ምን ይሠራ እንደነበር ታላላቆቹ ሊጎች ለማየት አልፈቀዱምና። በ1965 እንኳ በ59 ዓመቱ ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ተጋጣሚው ነጥብ ሳያገኝበት ወርውሯል።

ኔግሮ ሊጎች ግን ኮከቦቻቸው ሲወሰዱባቸው፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች ካሳ፣ ተመልካች እያጡ ከሰሙ። ፔጅ በ1971 ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። የታላላቆቹ ሊጎች አስተዳዳሪ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2020 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት ሊጎች የራሱ እኩዮች አድርጎ ተቀበላቸው፤ በ2024ም ውጤታቸውን በይፋ መዝገቡ አሰፈረ። ፔጅ በየከተማው እየዞረ ያደረጋቸው ግጥሚያዎች ግን የሊግ ጨዋታ ስላልነበሩ ዛሬም ከመዝገቡ ውጭ ናቸው።