ቨርዥን ኮድ እና ቨርዥን ኔም፦ ፕሌይ የሚቆጥረው የትኛውን ነው?

ባለፈው አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን አዞረልኝ። አውቶማቲክ የቢልድ መሣሪያው (ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረው ፕሮግራም) አፑን ሠርቶ ጨርሷል። ጉግል ፕሌይ ግን ቨርዥን ኮዱ ከዚህ በፊት ገብቷል ብሎ መለሰው። «እንዴ! 1.4 ብዬ ቀይሬዋለሁ እኮ» አለኝ።

የቀየረው ቨርዥን ኔምን ነው። እሱ ተጠቃሚው የሚያየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፕሌይ የሚቆጥረው ቨርዥን ኮድን ነው። ሙሉ ቁጥር ነው፣ አንዴ ከገባ አይደገምም፣ ማሻሻያ ሲወጣም ከቀድሞው መብለጥ አለበት።

ብዙዎቻችን ለቨርዥን ኮዱ የመሣሪያውን የቢልድ ቁጥር፣ ማለትም አፑ በተሠራ ቁጥር በአንድ የሚጨምረውን ቆጠራ እንሰጠዋለን። ጥሩ ነው። ግን የቢልድ መሣሪያ ስትቀይሩ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። ጓደኛዬን የያዘውም ይኸው ነው። የድሮውን የመጨረሻ ቁጥር በአዲሱ ላይ ደመርንበት፣ አለፈ።

ቀንን እንደ ቁጥር የሚጠቀሙም አሉ፤ ለምሳሌ 2026031501፣ መጨረሻው የዕለቱ ተራ ቁጥር ነው። የፕሌይ ጣሪያ 2100000000 ስለሆነ ይህ ያልፋል። ሰዓትና ደቂቃ ከጨመራችሁበት ግን ጣሪያውን ይበልጣል። እኔ ተራ ቆጠራውን እመርጣለሁ፤ ትልቅ ቁጥር አንዴ ከወጣ ወደ ትንሹ መመለስ የለም። በቀን ከሠራችሁ ደግሞ አደራ፣ የእኛንና የፈረንጆቹን አቆጣጠር እንዳትቀላቅሉ። 2018 ከ2026 ያንሳል፣ ፕሌይም ወደ ኋላ የሄደ ቁጥር አይቀበልም።