«ብራውሮን ላይ ድብ ነበርኩ»፦ የአንድ ጥንታዊ አባባል ትርጉምና መነሻ

አሮጊቷ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ልጅነቷን ትቆጥራለች። በሰባት ዓመቴ የከተማችንን አምላክ የአቴናን የምስጢር ዕቃ ተሸከምኩ ትላለች። በአሥር ዓመቴ ለመሥዋዕት የሚሆነውን እህል ፈጨሁ። ከዚያ ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ብራውሮን ላይ ድብ ነበርኩ። ቆንጆ ልጃገረድ ስሆን ደግሞ የደረቀ በለስ አንገቴ ላይ አድርጌ የበዓሉን ቅርጫት ያዝኩ።

ንግግሩ የተወሰደው አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 ካቀረበው «ሊሲስትራታ» ከሚባለው ተውኔት ነው፤ እኔ በራሴ አማርኛ አስቀመጥኩት። አቴንስና ስፓርታ ጦርነት ላይ ናቸው። ሴቶቹ መሯቸዋል። የከተማው ገንዘብ የተቀመጠበትን ኮረብታ፣ አክሮፖሊስን፣ ይይዛሉ። ሽማግሌዎቹ ሊያስወጧቸው እንጨትና እሳት ተሸክመው ይመጣሉ። ያኔ አሮጊቶቹ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ለከተማችን የሚበጅ ምክር አለን» ይላሉ። እናንተ ማን ናችሁና ነው የምትመክሩን? ላላቸው ሰው መልሱ ያ ቆጠራ ነው። ከተማዋ በወግ በማዕረግ አሳድጋናለች ማለታቸው ነው።

እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ነው። ድብ መሆን ምን ማለት ነው?

የአቴንስ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ አይገባውም ነበር። ቋንቋቸው ለዚህ ነገር የራሱ ግስ አለው። «አርክቶስ» ድብ ነው፤ «አርክቴውኢን» ደግሞ ድብ መሆን። አንዲት ልጅ ከማግባቷ በፊት አርጤምስ የምትባለውን አምላክ፣ ብራውሮን በሚባለው ቦታዋ፣ በድብነት ማገልገል ማለት ነው። ስለዚህ «ድብ ነበርኩ» ያለች ሴት ደንቡን አድርሻለሁ፣ ለአቅመ ሔዋን የሚያደርሰውን መንገድ ባግባቡ ሄጄበታለሁ እያለች ነው።

አርጤምስን እኛ የምናውቃት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው። በጳውሎስ ስብከት የተቆጡት የኤፌሶን ሰዎች ስሟን እየጠሩ የጮኹላት እሷ ናት። ግሪኮች ዘንድ የጫካና የአደን አምላክ ነበረች። አውሬው ሁሉ የእሷ ነው። ራሷ አላገባችም፣ አልወለደችም። ግን ምጥ የያዛት ሴት የምትጣራው እሷን ነው። ሴት በድንገት ስትሞትም «የአርጤምስ ቀስት ነው» ይባላል። አንድ እጅ ያዋልዳል፣ ያው እጅ ይገድላል። ይህን ካልያዝን የድቡ ነገር አይገባንም።

አባባሉን እንደኛ ቁጭ ብለው ያብራሩ ሰዎች ጥንትም ነበሩ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ ግዛት የተዘጋጀው «ሱዳ» የሚባለው ትልቅ መዝገበ ቃላት «ብራውሮን ላይ ድብ ነበርኩ» የሚለውን ሐረግ ለብቻው አንሥቶ ታሪኩን ይነግረናል። በዚያ አካባቢ አንዲት ድብ ትዞር ነበር። ቀስ በቀስ ለመደች፣ ከሰው ጋር መኖር ጀመረች። አንዲት ልጅም አብራት ትጫወታለች። አንድ ቀን ልጅቷ ጨዋታውን አበዛችው፣ ድቧም ተናዳ ቧጨረቻት። የልጅቷ ወንድሞች በንዴት ጦራቸውን ይዘው መጡ። ወግተው ገደሏት።

ከዚያ መቅሠፍት ወረደ። አቴንሳውያን ተጨንቀው ጠንቋይ ጠየቁ። መልሱ አጭር ነበር፦ ለተገደለችው ድብ ካሳ ሴት ልጆቻችሁ ድብ ይሁኑ። ሕዝቡም ተሰብስቦ ወሰነ። ለአርጤምስ ድብ ሳትሆን ማንም ልጃገረድ ለወንድ አትዳር አለ። የድቦቹ ዕድሜም ከ5 ያላነሰ ከ10 ያልበለጠ ነበር ይላል ሱዳ። የአሪስቶፋነስ አሮጊት ግን ድብነቷን ከአሥር ዓመቷ ወፍጮ በኋላ ነው የምታነሣው። ጥንታዊ ጽሑፍ እንዲህ ነው፤ ሁሌ አይገጥምም።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ «ልጅነት አውሬነት ነው፣ ትዳር መገራት ነው» ብሎ ይፈታዋል። ልጅቷ ውስጧ ያለውን ዱር እዚያ አውጥታ፣ ለምዳ ትመለሳለች ይላሉ። ጥሩ ፍቺ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ካሳው ላይ ነው። ድቧን የገደሉት ወንድሞች ናቸው። ጦር የወረወሩት እነሱ ናቸው። ደሙ የተፈለገው ግን ከእህቶች ነው። አልፎም ገና ካልተወለዱ እህቶች ሁሉ። አባቶቹ ጉባኤ ተቀምጠው ሲወስኑ፣ ወንዶች ልጆች ይክፈሉ ያለ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። የገዳዩን ዕዳ ያልገደለው ሲከፍል እኛም አይተናል፤ ለዚህ ይሆናል ታሪኩ የሚቆረቁረኝ።

ከድብ ጋር የተያያዘች ሌላ ልጃገረድም አለች። ካሊስቶ ትባላለች፣ የአርጤምስ ጓደኛ ነበረች። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ አስረገዛት፤ ቅጣቱ ግን እሷ ላይ ወረደ፣ ድብ ሆነች። በመጨረሻ ሰማይ ላይ ወጥታ በሰሜን በኩል የምናየው የድብ ኮከብ ሆነች ይላሉ። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 9 ላይ ከኦሪዮን ጋር የተጠቀሰውን ድብ ልብ ይሏል። «አርክቲክ» የምንለው የምድር ጫፍም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ድብ ነው።

ወደ ብራውሮን እንመለስ። ከአቴንስ በስተምሥራቅ፣ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። ኤራሲኖስ የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፍበታል። ወንዙ እየሞላ ቦታውን በጭቃ ቀበረው። ሰውም ትቶት ሄደ። ዮአኒስ ፓፓዲሚትሪዩ የሚባል ግሪካዊ አርኪዮሎጂስት በ1948 እ.ኤ.አ. መቆፈር ሲጀምር ያ ጭቃ ብዙ ነገር ጠብቆ አቆይቶ ነበር። አምዶች ያሉት ትልቅ ሕንፃ ወጣ። የድንግዝግዝ ተረት መስሎ የቆየው ነገር አድራሻ አገኘ።

ከሁሉ በላይ የሚገርሙት ትንንሽ የሸክላ ዕቃዎቹ ናቸው። ሁለት ጆሮ ያላቸው፣ ከስር እግር ያላቸው ጽዋዎች። ላያቸው ላይ ሴት ልጆች ይሮጣሉ። አንዳንዶቹ አጭር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሌሎቹ ራቁታቸውን ናቸው። አጠገባቸው መሠዊያ አለ፣ የዘንባባ ዛፍ አለ። ሥዕሉ ችኩል ነው፤ ሠሪው ብዙ አልተጨነቀበትም። ሩጫው ግን ይታያል። ፀጉር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እጅ ይዘረጋል።

እብነ በረድ ሐውልቶችም አሉ፤ ወላጆች ለአርጤምስ ያቆሟቸው የሕፃናት ምስሎች። አንዷ ጥንቸል በቀሚሷ አቅፋለች። ሌላዋ ወፍ ይዛለች። ጉንጫቸው ሙሉ ነው። «ድቦቹ» እያሉ የሚጠሯቸው እነዚህን ነው። ሰባት ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ያላቸው ወላጆች ፊታቸውን ሲያዩ ወዲያው ያውቋቸዋል።

ስለ ቢጫው ቀሚስም አንድ ነገር ልበል። ቀለሙ ሳፍሮን ነው። ከእርድ ጋር እንዳይምታታ፤ ሳፍሮን ከአበባ ውስጥ ተለቅሞ የሚወጣ ቀጭን ቀይ ክር ነው፣ ውሃ ሲነካው ቢጫ ይለቃል። ውድ ነው፣ ያደገች ሴት ጌጥ ነው። ታዲያ የተውኔቱ የእጅ ጽሑፎች እዚህ ቃል ላይ ይለያያሉ። አንዳንዶቹ «ቢጫውን ቀሚስ ለብሼ» ይላሉ። አንዱ ደህና የሚባል ቅጂ ግን «ቀሚሱን ጥዬ» ወደሚል ያደላል። ልዩነቱ የጥቂት ፊደል ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ጽዋዎቹ ላይ ራቁታቸውን የሚሮጡት ልጆች ያንን ይደግፉታል። ቀሚሱ ይለበሳል፣ ይወልቃል፤ የወለቀ ቀን ድብነቱ አለቀ።

የተውኔቱ አሮጊቶች ንግግራቸውን የሚቋጩት በመዋጮ ነው። «እኔም ከመዋጮው ድርሻ አለኝ፤ ወንዶችን አዋጣለሁ» ይላሉ። የወለዷቸውን ማለታቸው ነው፣ ጦርነቱ የሚበላቸውን። ይህን ሲሉ የድቧ ዕዳ መልሶ ይመጣብኛል። በልጅነት ለአርጤምስ ሮጠው የከፈሉ ሴቶች፣ ካደጉ በኋላ ደግሞ በምጥ ይከፍላሉ፣ የወለዱትንም ይከፍላሉ።

የብራውሮን ሰዎችም ምጡን አልረሱትም። በተረቱ ትሮያን ሊወጋ የዘመተው የንጉሥ አጋሜምኖን ልጅ ኢፊጌኒያ፣ ለዚያ ዘመቻ ጉዞ ሲባል በገዛ አባቷ እጅ መሠዊያ ላይ የቀረበችው ናት፤ አርጤምስ ግን አዳነቻት። በዩሪፒደስ ተውኔት መጨረሻ ላይ አቴና ትገለጥና ብራውሮን ላይ የአርጤምስ ቤት ቁልፍ ያዥ ትሆኛለሽ ትላታለች። ስትሞቺም እዚያ ትቀበሪያለሽ፤ በወሊድ የሞቱ ሴቶች ቤታቸው ትተውት የሄዱት ልብስ ለአንቺ ይሰጣል ትላታለች።

በሰላም የተገላገሉት ደግሞ ልብሳቸውን ለአርጤምስ ይሰጣሉ። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ የብራውሮኗ አርጤምስ ቅርንጫፍ ቤት ነበራት። እዚያ የተገኙ የ4ኛው ክፍለ ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ድንጋዮች የልብሶቹን መዝገብ ይዘዋል። የሴትዮዋ ስም፣ ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ ቀለሙ። አንዱ ሳጥን ውስጥ ነው ይላል። አንዱ የአርጤምስ ምስል ላይ ተደርቧል ይላል። አንዱ ያለቀ ጨርቅ ሆኗል። ጥቂቶቹ አጠገብ ደግሞ «ግማሹ የተሸመነ» ተብሎ ተጽፏል። ለምን ሳይጨረስ እንደቀረ ድንጋዩ አይናገርም። ስሟና ጨርቁ ብቻ አለ።