የወር መርፌ፦ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከመወጋት በፊት

ካርዳቸውን ይዘው በየወሩ ለመርፌ የሚመላለሱ ልጆችና ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ የሩማቲክ የልብ ሕመም ታካሚዎች ናቸው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ቶንሲል ያስነሳል። በጊዜ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተነስቶ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን (ደም በአንድ አቅጣጫ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋውን በር) ያጠቃል። በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ የባሰ ይጎዳል። መርፌው የሚሰጠው ይህ እንዳይደገም ነው።

መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ ለሳምንታት ይሠራል። የአዋቂ መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ሲሆን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወሰዳል። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ሰው እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ይወጋል።

ታካሚም ባለሙያም ይህን መርፌ ይፈሩታል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ግን ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የ11 አገሮች ጥናት 1,790 ታካሚዎችንና 32,430 መርፌዎችን ተከታትሏል። ከባድ አለርጂ የገጠማቸው 4 ሰዎች ሲሆኑ አንድ ሰው ሞቷል። መርፌውን ማቋረጥ ግን ሕመሙ ተመልሶ ልብን እንዲጎዳ በር ይከፍታል። ስለዚህ መፍትሔው መቅረት ሳይሆን ተዘጋጅቶ መሄድ ነው።

መጀመሪያ የሚነገረው አለርጂ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ወስደው ምን ሆኑ? ሆድ መታወክ ብቻውን አለርጂ አይደለም። ሰውነት ላይ ድብልብል ብሎ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የፊት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ግን በፍጹም የማይደበቁ ናቸው። ስኪን ቴስት (ጥቂት መድኃኒት ቆዳ ላይ የሚሞከርበት የአለርጂ ምርመራ) ተደርጎ «ነጻ ነህ» መባልም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ባለፈው ወር ሰላም የነበረ ሰውም ዛሬ «ምንም አልሆንክም?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ካልጠየቁት ራሱ ይናገር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ቫልቫቸው በጣም በተጎዳ ታካሚዎች ላይ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች አንዳንዶቹ በአለርጂ የመጡ ላይሆኑ ይችላሉ የሚለውን በቁም ነገር አንስቷል። የመርፌው ሕመምና ፍርሃት የልብ ምትንና የደም ግፊትን በድንገት ሊያወርድ ይችላል፤ የተዳከመ ልብ ደግሞ ይህን አይችልም። ለእንደዚህ ዓይነት ታካሚዎች ክኒን የተሻለ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው ግን የሐኪም ነው እንጂ የታካሚው ወይም የቤተሰቡ አይደለም። በደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ተንጋሎ መተኛት የሚያቅተው ወይም እግሩ የሚያብጥ ሰው ይህን ከመርፌው በፊት ይንገር።

ባዶ ሆድ መሄድ አይመከርም። ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ፣ ውኃ ጠጥቶ መሄድ፣ ሲወጉም መተኛት ራስ መሳትን ይቀንሳል። ውኃ እንዲቀንስ የታዘዘ ታካሚ ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም ላይ ያሉ እናቶች ይህ ይከብዳቸዋል፤ ቀጠሮውን ከሚበሉበት ሰዓት ጋር ማስማማት ይቻላል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ዝም አይበል። ቫልቭ የተቀየረላቸው ብዙዎች ይህን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። መርፌው ጥልቅ ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ደም ሊቋጥር ይችላል።

በባለሙያው በኩል አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በደም ሥር አይሰጥም። ደም ሥር ከገባ ልብና ትንፋሽ ሊያቆም፣ ሊገድልም ይችላል። መድኃኒቱ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ስለሆነ መርፌ ይደፍናል። ቀስ ብሎ ሲሰጥ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሊዶካይን ከሚባለው ማደንዘዣ ጋር መበጥበጥም ያስታግሳል። መቀመጫ ላይ ሲወጋ የእግር ነርቭ እንዳይነካ ቦታውን አጥርቶ ማወቅ ግድ ነው። እንግዲህ ሰፈር ውስጥ «መውጋት ይችላል» በተባለ ሰው እጅ ቤት ውስጥ መወጋት ለምን እንደሚያስፈራኝ ይገባችኋል።

አድሬናሊን በሌለበት መወጋትም እንዲሁ። አለርጂ ሲነሳ ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው ሕይወት የሚያተርፈው። «ሲስተር፣ አድሬናሊን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከተወጉ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እዚያው መቆየት፣ ማሳከክ ወይም ማዞር ከጀመረ ወዲያው መጣራት ያስፈልጋል። ከመውጣት በፊት ደግሞ የሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱ ላይ መጻፉን ማየት ነው።