የበረዶ ወራትና የገና ሰሞን በገበሬ ቤት

በአማርኛ ክረምት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ወቅት ነው፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ስላለው የበረዶ ወራት። ሜዳው ነጭ ለብሶ ይከርማል። ገንዳ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ፀሐይም እንደ ጥድፊያ እንግዳ ብቅ ብላ ቶሎ ትሄዳለች። ኦስሎ ውስጥ በዲሴምበር 21 አካባቢ የብርሃኑ ርዝመት 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ገና የሚውለው ከዚህ አጭር ቀን ትንሽ ቆይቶ፣ ዲሴምበር 25 ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የቤተሰብ እርሻ የሚባለው ቤተሰቡ ራሱ የሚኖርበትና ራሱ የሚሠራበት ነው። ላሞች፣ በጎች፣ ዶሮዎች፣ የድርቆሽ ማከማቻ፣ ብዙ ጊዜም ለማገዶ የሚሆን ጫካ አለው። በበረዶ ወራት ማሳው ያርፋል። በረቱ ግን አያርፍም። የገና ካርድ ላይ የምናየው ቤት፣ ጣራው በረዶ የተሸከመው፣ ከጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ የሚወጣው፣ ውሸት አይደለም። ካርዱ የማያሳየው ከቤቱ እስከ በረቱ በአካፋ የተጠረገችውን ጠባብ መንገድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ የወቅቱ ውበት በደንብ የሚታየው ከዚያች መንገድ ላይ ነው። ገበሬው በቀን ሁለቴ ይመላለስባታል፤ ንጋቱም ምሽቱም አያመልጠውም።

ነጩ ሜዳ

አመዳይ የሚል ጥሩ የድሮ ቃል አለን። በንግግር ግን ሁሉንም በረዶ ማለት ስለለመድን ቆርቆሮ ላይ ከሚንጣጣው ጠጣር በረዶ ጋር ይምታታብናል። ይሄኛው አይንጣጣም። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ማንንም አይቀሰቅስም። ጠዋት በር ሲከፈት ነው የሚታወቀው።

አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ አብዛኛው አየር ነው። ከመጠኑ ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው በቅንጣቶቹ መካከል የታፈነ አየር ነው። ያ የበረዶ ማለዳ ፀጥታ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ክፍተቶቹ ድምፅን ይውጡታል። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፣ ግን ከብርድ ልብስ ሥር የሚጮህ ይመስላል። በረዶው ቆይቶ ሲጠጥርና ላዩ ሲጠነክር ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፅ እያነጠረ ሩቅ ይሄዳል። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ እርምጃ ራሱ ይጮኻል። በረዶው ከጫማ ሥር ሲጢጥ ይላል። የለመደ ሰው ቴርሞሜትር ሳያይ በዚህ ብቻ ብርዱን ይገምታል።

ቀለሙም ነጭ ብቻ አይደለም። በጠራ ቀን የዛፎቹ ጥላ በረዶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይተኛል፤ ፀሐይዋ ያልደረሰችበትን ቦታ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ነውና። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትዞር ጥላው ቀኑን ሙሉ ረጅም ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የአጥሩ ሽቦና ያልታጨደው ሣር ነጭ ፀጉር አብቅለው ይገኛሉ። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ሲለጠፍ የሚፈጠር ነው። ፀሐይ ነካ ስታደርገው ይረግፋል። በዚያ ሰዓት አልጋ ውስጥ ያለ ሰው ቀረበት።

የበረዶን ውበት ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ ገበሬ መሆኑ አይገርመኝም። ዊልሰን ቤንትሌይ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል የገጠር ከተማ፣ በቤተሰቡ የወተት ላም እርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ በጃንዋሪ 15፣ 1885 የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም። ቅንጣቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀበላል። ትንፋሹ እንዳያቀልጠው ይጠነቀቃል። በላባ ቀስ አድርጎ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ በማይሞቅ ክፍል ውስጥ ነው። በዕድሜው ከ5000 በላይ ቅንጣቶችን አነሳ፤ ገበሬነቱንም አልተወም። ከሥዕሎቹ ከ2400 በላይ የሆኑት በ1931 በመጽሐፍ ታተሙ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 23፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሳንባ ምች ሞተ። ከመታመሙ በፊት በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ ተጉዞ ነበር።

ላም በዓል አታውቅም

የምትታለብ ላም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ትታለባለች። የገና ዕለት ጠዋትም እንደዚያው። ብትዘለል ጡቷ ይወጠራል፤ ለጡት በሽታም ትጋለጣለች። ስለዚህ የእርሻ ቤት ልጆች ስጦታቸውን የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ ወላጆቻቸው ከበረት ከተመለሱ በኋላ ነው። የከተማ ልጅ ይህንን ቢሰማ ያለቅስ ይሆናል። እነሱ ግን ለምደውታል፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ድርቆሽ ያቀብላሉ።

ለእንግዳ ሰው የሚያሳዝነው ከብቶቹን በረዶ ላይ ቆመው ማየት ነው። ማዘኑ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ደረቅና ወፍራም የብርድ ጊዜ ፀጉር ያበቀለ የቀንድ ከብት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ድረስ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት አያወጣም። ፀጉሩ ከረጠበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ15 ዲግሪ እንኳ ይበርደዋል። ዋናው ጠላት ብርዱ ሳይሆን እርጥበትና ንፋስ ነው። ጀርባዋ ላይ ያረፈ በረዶ ሳይቀልጥ የሚቆይላት ላም ደህና ናት፤ ሙቀቷ ወደ ውጭ አያመልጥም ማለት ነው። ድርቆሽ ራሱ ምድጃ ነው። በሆዷ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ ብርዱ ሲጠና መኖ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። በረቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ደግሞ ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው። እርጥበትና የሽንት ጋዝ ይታፈናል፤ ሳንባ ይታመማል። ለዚህ ነው ጥሩ በረት ከላይ አየር ማስወጫ የሚኖረው።

ከሁሉ የሚያደክመው ውሃ ነው። ገንዳውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚጠብቅ አለ። ሌላው በየጠዋቱ በመጥረቢያ ይሰብራል። መብራት ሲጠፋ ማለቢያ ማሽኑም፣ የውሃ ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። መንገዱ በበረዶ ከተዘጋና የወተት መኪናው ካልደረሰ ደግሞ የታለበው ወተት የሚደፋበት ቀን ይመጣል። በደጉ ቀን የሚነሳ ፎቶ ላይ ይሄ የለም።

ዶሮዎች በዚህ ወቅት እንቁላል ይቀንሳሉ። ምክንያቱ ብርዱ ሳይሆን ብርሃኑ ነው፤ በደንብ ለመጣል በቀን 14 ሰዓት ገደማ ብርሃን ይፈልጋሉ። አንዳንዱ አምፖል ያበራላቸዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይረፉ ብሎ ይተዋቸዋል። በጎቹ በበኩላቸው ብዙዎቹ እርጉዝ ናቸው። አውራው በመኸር ተለቆባቸዋል፤ እርግዝናቸው አምስት ወር ገደማ ስለሆነ ግልገሎቹ በረዶው መሟሸሽ ሲጀምር ይመጣሉ።

ማሳው አርፏል ብያለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በመኸር የተዘራው ስንዴ በቅሎ በረዶው ሥር ተኝቷል። ይህ ዓይነቱ ስንዴ ሳምንታት ካልበረደው በጸደይ አያሸትም። ግን ራቁቱን የሚመታው ውርጭ ሊገድለው ይችላል። የሚጠብቀው ያ አየር የሞላው በረዶ ነው፤ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ሰው ሁሉ በረዶ በዛ እያለ ሲያማርር ስንዴ የዘራ ገበሬ ጨምርልኝ ቢል አይፈረድበትም።

ድርሻ ያላቸው እንስሳት

የገና ታሪክ ራሱ የበረት ታሪክ ነው። ሕፃኑ የተኛው በግርግም ነው፤ ግርግም ደግሞ የከብት መኖ ማቅረቢያ ነው። የካቶሊኩ ቅዱስ ፍራንቸስኮ በ1223 ግሬቾ በምትባል የኢጣሊያ መንደር ገናን ሲያከብር ድርቆሽ የሞላበት ግርግም አዘጋጅቶ እውነተኛ በሬና አህያ ያቆመው ይህንኑ ለማሳየት ነበር። የገጠሩ ሕዝብ ነገሩ ወዲያው ገብቶት ይሆናል። ከብትን ከበዓሉ መለየት ድሮም አያውቅበትም።

በፖላንድ የገና ዋዜማ እራት የሚጀመረው የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ነው። ከገበታው ጨርቅ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል። ቤተሰቡ ኦፕዋቴክ የሚባል ስስ ቂጣ ቆርሶ ይካፈላል፤ በገጠር ደግሞ ለከብቶቹ ቀለም የገባበት ለብቻው ተዘጋጅቶ በረት ድረስ ይወሰድላቸዋል። በዚያች ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ እንስሳት እንደ ሰው ያወራሉ የሚል እምነትም በብዙ የአውሮፓ አገሮች ነበር። መስማት ግን አይመከርም። በብዙዎቹ ተረቶች ተደብቆ ያዳመጠ ገበሬ የሚሰማው የራሱን መሞቻ ነው።

በኖርዌይ የአጃ ነዶ እንጨት ላይ ታስሮ ለወፎች ይሰቀላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መኸሩ ከገባ ወፎቹም ከገና ይቃመሱ። ከቤቱ መስኮት ሆኖ ነጩ ሜዳ ላይ በቆመ ወርቃማ ነዶ ዙሪያ ወፎች ሲንጫጩ ማየት፣ እንደኔ ከሆነ፣ ከማንኛውም ባለቀለም አምፖል ይበልጣል።

እዚያው ኖርዌይና ዴንማርክ ውስጥ ኒሴ የሚሉት አለ። ቁመቱ አጭር፣ ቆቡ ቀይ፣ በረቱን የሚጠብቅ የማይታይ ሽማግሌ። ውለታው የሚመለሰው በገና ዋዜማ በረት ውስጥ በሚቀመጥለት ገንፎ ነው፤ ቅቤው መርሳት የሌለበት። በአንድ የታወቀ ተረት ኒሴው ገንፎው ላይ ቅቤ አጣና ተናዶ ሄዶ የቤቱን ምርጥ ላም ገደላት። ተመልሶ ሲበላ ቅቤው ከሥር ተገኘ። ተጸጸተ። ከሌላ ሰው በረት ያችኑ የምትመስል ላም ነድቶ አምጥቶ ተካ። የዚያኛው ቤት ባለቤት ምን እንዳለ ተረቱ አይነግረንም።

በስዊድን ከመኸሩ ገለባ ፍየል ይሠራል። በየቤቱ የሚቀመጠው ትንሽ ነው። የየቭሌ ከተማ ግን በ1966 ቁመቱ 13 ሜትር የሆነ አቆመች። በዘመን መለወጫ ሌሊት ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ይሠራል፣ በተደጋጋሚም ያቃጥሉታል። በእንግሊዝ የሶመርሴት ገበሬዎች ደግሞ የሚዘክሩት የአፕል ዛፎቻቸውን ነው። ጃንዋሪ 17 ምሽት የእርሻው ሰው በዛፎቹ መካከል ይዘፍናል፤ የአፕል መጠጥ የነካ ዳቦ ለወፎች ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፤ ክፉ መንፈስ እንዲርቅ ጠመንጃ ይተኩሳል። ቀኑ ከገና ሰሞን ዘግይቶ የመጣው እንግሊዝ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትለውጥ እነሱ በድሮው ስለጸኑ ነው።

ዛፉ ከየት ይመጣል

ለገና ቤት የሚገባው ዛፍ ድሮ ከጫካ ይቆረጥ ነበር። አሁን በብዛት የሚመጣው እንደ ማንኛውም ሰብል ተተክሎ ካደገበት እርሻ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ውስጥ በ1901 አንድ ገበሬ 25,000 ችግኞች ተከለ፤ ይህም የአገሪቱ የመጀመሪያው የገና ዛፍ እርሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ዛፉ የሰው ቁመት እስኪያህል በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያ ቅርጽም ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ገበሬው በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት በላብ ተጠምቆ ይከረክመዋል። ለዲሴምበር ደስታ ሥራው ጁላይ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ እርሻዎች ሰው መጥቶ ዛፉን ራሱ እንዲቆርጥ ይፈቅዳሉ። ለቤተሰብ ይህ ግማሽ በዓል ነው። መጋዝ ይሰጣችኋል፣ በረዶ ውስጥ ትዞራላችሁ፣ ልጆቹ ሁልጊዜ ትልቁን ይመርጣሉ፣ ሳሎኑ ግን አይችለውም። አንዳንዱ እርሻ በፈረስ የሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ አለው። ፈረሶቹ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በበረዶ ላይ የሚሄድ ጋሪ ድምፅ የለውም፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሁለት ጋሪዎች እንዳይጋጩ ነው የታሰረው። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት ጥቂት ነው። ውሃ የማያስገባ ጫማ ያድርግ፣ የከፈተውን በር ይዝጋ፣ ሳይጠይቅ ለእንስሳቱ ምንም አያጉርስ።

በዓሉ ሲያልፍ ዛፉ ይጣላል፣ ወይም ፍየል ላለው ሰው ይሰጣል። ኬሚካል ያልተረጨበትና ጌጡ በደንብ የተለቀመለት ከሆነ ፍየሎች ቅጠሉን ይወዱታል። ለላሞች ግን አይሆንም፤ ፖንደሮሳ የሚባለውን የመሰሉ አንዳንድ የጥድ ዓይነቶች እርጉዝ ላም ያስወርዳሉ። ስለዚህ ዛፉ በላሞቹ በር አልፎ ወደ ፍየሎቹ ጋጣ ይወረወራል። ቅጠሉን ጨርሰው ልጡን መላጥ ይጀምራሉ።