ከቀዶ ጥገና በፊት ስለ ጨጓራ አሲድ፦ የሚባለው እና እውነታው

ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ማሳልም መዋጥም አይችልም። ያኔ ከጨጓራ የወጣ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ከገባ አሲዱ ሳንባን ያቃጥላል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን ይህን በወላዶች ላይ አይቶ በ1946 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ደሴም ሆነ ወልዲያ፣ ቀጠሮ የደረሰለት ሰው ቤት የሚባሉትን እንያቸው።

«ወተት ወይም ተልባ አሲዱን ያበርዳል።»
ወተት ጨጓራ ውስጥ ስለሚረጋ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ተልባም ጥርት ያለ ፈሳሽ አይደለም። ቀዶ ጥገናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ቅባት ወይም ሥጋ ያለበት ምግብ እስከ ሌሊቱ 7፣ ወተትና ዳቦ እስከ ሌሊቱ 9፣ ውሃ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ ነው።

«ጸበልና ዘምዘም አይቆጠሩም።»
ክብራቸው እንዳለ ሆኖ፣ ለጨጓራ ሁለቱም ውሃ ናቸው። ለቀዶ ጥገናው 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማሉ።

«ጫት ምግብ አይደለም።»
ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገያል፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይጨምራል። መቼ እንደተቃመ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነገር።

«ኦሜፕራዞል በር ላይ ቢዋጥ ይበቃል።»
ብዙ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት አዲስ አሲድ እንዳይመነጭ ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የተጠራቀመውን አያጠፋም። ስለዚህ ማታ 40 ሚሊግራም፣ ጠዋት ደግሞ ከቀዶ ጥገናው 2 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ 40 ይሰጣል። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ለምትገባ ነፍሰ ጡር ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ (ጥንካሬው 0.3 ሞላር) 30 ሚሊ ሊትር ይሰጣታል፤ ያለውን አሲድ ወዲያው ያከሽፋል፣ ግን ኃይሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍምና ልክ ከመግባቷ በፊት መሆን አለበት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሚታኘክ አንታሲድ (አሲድ ማክሸፊያ ኪኒን) በቦታው አይተካም፤ ዱቄቱ ራሱ ሳንባ ከገባ ይጎዳል። ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊግራም በደም ሥር ሲሰጥ ጨጓራን ያራግፋል እንጂ አሲድ አይቀንስም፤ አንጀቱ ለተዘጋ ሰው ደግሞ አይሰጥም። ለጤነኛና በአግባቡ ለጾመ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ በተለምዶ አያስፈልጉም።

«ከወገብ በታች ብቻ ስለሚደነዝዝ መብላት ይቻላል።»
የጀርባ መርፌው ሳይበቃ ቀርቶ መሀል ላይ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ ሊዞር ይችላል። አስታማሚ «አንዲት ጉርሻ ብቻ» ብሎ ያጎረሰ እንደሆነ አይደብቅ፤ ሰዓቱን ከተናገረ ቀጠሮው ይገፋል፣ ድንገተኛ ከሆነም ባለሙያው ከጨጓራ የሚመጣው እንዳይወጣ የጉሮሮ ቀለበቱን (የአየር ቧንቧውን የቀለበት አጥንት) አስጭኖ የመተንፈሻ ቱቦውን በፍጥነት ያስገባል።